9ኛ ክፍል ላይ የተሰናከለ ተማሪ እንዴት ይነሳል? ከአሬሮ እስከ ነጌሌ ላሉ ተማሪዎችና ወላጆች



በየዓመቱ የካቲት ላይ፣ የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ካርድ ከታደለ በኋላ፣ ከደቡቡ ቆላ ከተሞች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰናል። ጠያቂው አንዳንዴ ተማሪው ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አባት ወይም ታላቅ ወንድም ነው። «ኡስታዝ፣ ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል ከክፍሉ አንደኛ ነበር። 9ኛ ገባና አማካዩ 47 መጣ። እንዲህ ሆኖ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ከሆነ እናስተምረው፤ ካልሆነም ቁርጡን ንገሩንና ከብቱን ይጠብቅ።»

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ባስተማርንባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። መልሳችን ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ ይገባል። ነገር ግን የወደቀ ውጤት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ትቶ ያልፋል። አንደኛው አእምሮ ውስጥ የቀረ ክፍተት ነው። ሁለተኛው ትራንስክሪፕት ላይ የቀረ ቁጥር ነው። የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በዋናነት የሚጠይቁት ስለ መጀመሪያው ነው። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችና የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጪዎች ስለ ሁለተኛውም ይጠይቃሉ። ሁለቱ የሚጠገኑበት መንገድ ስለሚለያይ ለየብቻ እንያቸው።

የተሰናከሉት ለምንድን ነው?

ጎበዝ የነበረ ልጅ በአንድ ክረምት ሰነፍ አይሆንም። በኦሮሚያ ተማሪዎች እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡም ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በየከተማው በአማርኛ ተምሮ የመጣውም የሚጋጨው ከዚሁ ግድግዳ ጋር ነው። ልጁ ሒሳቡን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ጥያቄው ምን እንዳለው ነው። ፈተና ላይ ዜሮ ያገኘን ተማሪ ጠርተን ያንኑ ጥያቄ በአፋቸው ስናስረዳቸው በሁለት ደቂቃ ሠርተው የሰጡን ተማሪዎች ነበሩን። ካርዱ ላይ ግን የሚጻፈው «በሒሳብ ደካማ» ተብሎ ነው።

በቁቤ ማንበብ የለመደ ልጅ ሌላም ትንሽ እንቅፋት አለበት። ፊደሎቹ የላቲን ስለሆኑ እንግሊዝኛውን የሚያነብ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በቁቤ «ኤክስ» የተባለው ፊደል «ጠ» ነው፣ «ሲ» የተባለው ደግሞ «ጨ» ነው። ድምፁ ሲምታታበት ጮክ ብሎ ማንበብ ያፍራል፤ ካፈረ አይጠይቅም፤ ካልጠየቀ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። መምህራን ይህን ቀላል ነገር በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ቢያስረዱ ብዙ ልጅ ይተርፍ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የወቅቱ ነገር ነው። በቦረና ደረቁ ወቅት ቦና ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይዘልቃል። የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና የሚሰጠው ደግሞ ጥር ላይ ነው። ግጦሹ ሲያልቅ ጎረምሶቹ ፎራ የሚባለውን የደረቅ ከብት መንጋ ይዘው ርቀው ይሄዳሉ። የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ የሚወጣው ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ፣ ባልዲ እየተቀባበለ ስለሆነ ጉልበት ያለው ልጅ በሙሉ ይፈለጋል። የአሬሮ ልጅ ከፎራ ተመልሶ ሜታ ገፈርሳ ሲደርስ ክፍሉ ሁለት ምዕራፍ አልፎ ይጠብቀዋል። እኅቱ ፎራ ባትሄድም ውኃ ፍለጋ የምትጓዘው ሰዓት ይረዝማል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። በአካባቢው እጅግ ብዙ ከብት አልቋል፤ ዱቡሉቅን በመሰሉ መጠለያዎች የገቡት ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ያኔ በአንደኛ ደረጃ ላይ የነበሩ ልጆች ናቸው ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱት። እነዚህ ልጆች 9ኛ ክፍል ላይ ሲቸገሩ የምናየው ክፍተት ብዙውን ጊዜ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ነው።

ሦስተኛዎቹ ከመድረሳ ዘግይተው ወደ መደበኛ ትምህርት የገቡት ናቸው። ቁርኣን ሐፍዘው 15 ወይም 16 ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት የሚገቡ፣ በማታ ክፍል ሁለት ዓመቱን በአንድ ዓመት የሚያጥፉ ልጆች አሉ። እነዚህ ትዕግሥትና የማስታወስ ልምድ አላቸው። የጎደላቸው የሒሳብ መሠረት ብቻ ነው። በዕድሜያቸው የሚያፍሩም ስላሉ አንድ ነገር እናስታውሳቸው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ስማቸው የገነነው አቡበክር አል-ቀፋል አል-መርወዚ እስከ ሠላሳ ዓመታቸው ድረስ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ዒልም መፈለግ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

የአገር ውስጡ በር ምን ይመለከታል?

እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። 9ኛን ያልጠገነ ተማሪ እዚያው ይቆረጥ ነበር። ፈተናው ቀርቶ አሁን ተማሪው እስከ 12ኛ ክፍል ይሄዳል። ይህ ለሚጠቀምበት ተማሪ ሁለት ተጨማሪ ዓመት ነው። ለማይጠቀምበት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድክመቱን የሚደብቅ መጋረጃ ነው፤ መጋረጃው የሚገለጠው በመጨረሻው ቀን ነውና።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይሰጣል። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አልፈዋል። በ2014 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች የምናነሳው ለማስፈራራት አይደለም። 9ኛ ክፍል ላይ 47 ያመጣውና 80 ያመጣው ተማሪ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ሁለቱም አብረው ሲወድቁ በዓይናችን አይተናል። ካርድ ላይ ያለ 80 የሚያኮራ ቢሆንም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ያለውን ሚዛን ላያነሳ ይችላል። ስለዚህ 47 ያመጣው ልጅ «እኔ ብቻ ቀረሁ» ብሎ አይዘን፤ 80 ያመጣውም አይዘናጋ።

አሁን ወላጆችም ተማሪዎችም ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ስሌት አለ። ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። ተፈጥሮ ሳይንስም ማኅበራዊ ሳይንስም ቢመርጥ ማንኛውም ተማሪ ሦስት ትምህርቶችን ይፈተናል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ። አፕቲትዩዱ ራሱ ከፊሉ የእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ከፊሉ የቁጥር ማመዛዘን ነው። ስለዚህ ከ600ው ውስጥ 300ው የተንጠለጠለው በሁለት ችሎታዎች ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ አንብቦ በመረዳትና በመሠረታዊ ሒሳብ። የማለፊያው ነጥብም 300 ነው። የአሬሮ ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ የተሰናከለው በእነዚሁ በሁለቱ መሆኑን ካስታወስን፣ ከየት መጀመር እንዳለበት ሌላ መካሪ አያሻም።

ያለፈ ተማሪ ሁሉ የፈለገበት አይመደብም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በተፈጥሮ ሳይንስ ላለፉ ተማሪዎች ተጨማሪ የመግቢያ ፈተና አላቸው። በቅርብ ያሉት የያቤሎው ቦረና ዩኒቨርሲቲና ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚቀበሉት በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው። በእነዚህ ሁሉ በሮች ላይ የሚቆጠረው የፈተናው ውጤት ነው፤ የ9ኛ ክፍል ካርድ አስቀድሞ አይዘጋቸውም።

ግማሹን ላላመጣ ሰው ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ለሴቶችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ተደርጎ ተወስኖ ያውቃል። ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን የዓመቱን ማስታወቂያ ማየት ነው። መልካም ዕድል ነው፤ ነገር ግን 10ኛ ክፍል ሆኖ «ለኛ ነጥቡ ዝቅ ይላል» ብሎ የሚያቅድ ተማሪ ገና ከአሁኑ ራሱን ከደጅ አስቀምጧል።

ክፍተቱን መሙላት

ብዙ ተማሪ ሲነቃ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። የ12ኛ ክፍል የድሮ ፈተናዎችን በቴሌግራም ሰብስቦ መልሳቸውን መሸምደድ ይጀምራል። መሠረቱ ሳይኖር ይህ ጥቅም የለውም። መጽሐፉ ተያያዥ ነው። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ በስብስቦችና በቁጥር ሥርዓት ይጀምርና ወደ እኩልታዎች፣ ወደ ኢ-እኩልታዎች፣ ወደ ትሪጎኖሜትሪ ይሄዳል። ትሪጎኖሜትሪውን የዘለለ ልጅ በፊዚክስ ቬክተር ሲከፋፈል ይቆማል። 10ኛ ክፍል ላይ ሎጋሪዝም ያመለጠው 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ፒኤች አስላ ሲባል ይቆማል። ያኔ «ኬሚስትሪ ከበደኝ» ይላል፤ የከበደው ግን ከሁለት ዓመት በፊት የዘለለው ሒሳብ ነው።

የምንመክረው ይህን ነው። ከ9ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ የእያንዳንዱን ምዕራፍ ማጠቃለያ መልመጃ ያለ ማንም እርዳታ ይሥራ። ግማሹን ያልሠራበትን ምዕራፍ ምልክት ያድርግበት። ያ የክፍተቱ ካርታ ነው። ዘጠኙም ምዕራፍ ላይ ምልክት ቢወጣ አይደንግጥ። ከዚያ በቅደም ተከተል ይጀምር፤ ደስ ያለውን እየመረጠ አይዝለል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ የአንድ ክረምት ዕረፍት ለአብዛኛው ይበቃዋል። ሱብሒ ሰግዶ ከብቱ ሳይለቀቅ ያለው ሰዓት ለዚህ የተሻለ ጊዜ አናውቅም። የኩራዝ ወይም የሶላር መብራት ያለው ከዒሻ በኋላም ይጨምርበት።

ለእንግሊዝኛው የተለየ ደብተር ይያዝ። መዝገበ ቃላት በሙሉ ሸምድድ ማለታችን አይደለም። በጥያቄ ውስጥ የሚደጋገሙት ትእዛዝ ሰጪ ቃላት ከመቶ አይበልጡም፤ ዲተርሚን፣ ኢቫሉዌት፣ ሲምፕሊፋይ፣ ዲስቲንጉዊሽ፣ ኢንፈር፣ ኤክሴፕት የሚባሉት ዓይነት። እያንዳንዱን በአፍ መፍቻው ትርጉሙን፣ ከጎኑም ቃሉ የገባበትን አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይጻፍ። ኤክሴፕት የምትለዋን ቃል ባለማየቱ ብቻ የሚያውቀውን የባዮሎጂ ጥያቄ የሳተ ስንት ልጅ አለ! ከዚህ ሌላ በየቀኑ የታሪክ ወይም የባዮሎጂ መጽሐፉን አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሰው ፊት ካፈረ ለግመሎቹ ያንብብላቸው፤ አይሳሳቁበትም።

ሐፊዞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሙራጀዓ የሌለው ሒፍዝ እንደሚጠፋ ሁሉ ያልተከለሰ ምዕራፍም ይጠፋል። የአዲሱን ትምህርት ሰዓትና የክለሳውን ሰዓት ለይተው የሚያዙ ተማሪዎቻችን ከመድረሳ የመጡት ነበሩ፤ ልማዱ አስቀድሞ ስላላቸው። አንዱ 9ኛ ክፍልን በ51 አማካይ አልፎ፣ 10ኛን በሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ሲሠራ ቆየ። ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። እኛም፣ ሐቁን እንናገርና፣ መጀመሪያ ላይ ጊዜውን የሚያባክን መስሎን ገሥጸነው ነበር። 11ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ ልጅ የተማርነው፣ ክፍተቱ የጀመረበት ድረስ መውረድ እንደሚያስፈልግና መውረዱ ነውር እንዳልሆነ ነው።

9ኛን መድገምስ? ይህም በተደጋጋሚ ይጠየቃል። ተማሪው በድርቅ ወይም በሕመም ምክንያት የዓመቱን እኩሌታ ካልተማረ መድገሙ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን። ዓመቱን ሙሉ ተምሮ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ልጅ ግን ቢደግም ያንኑ ትምህርት በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ሁኔታ ነው የሚሰማው። እሱን ወደ ፊት አሳልፎ ክፍተቱን በጎን ማስሞላት ይሻላል። በተለይ ለሴት ልጅ አንድ ዓመት መድገም ማለት በብዙ ቤት «ትምህርቱ አልሆነላትም፤ እንዳራት» ለሚል ወሬ በር መክፈት መሆኑን አባቶች ያውቁታል፤ እኛም እናውቀዋለን።

በክረምት ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ የአካባቢው ልጆች ትልቅ ሀብት ናቸው። ነጌሌም ሞያሌም ያቤሎም የመስጂድ ግቢ አለ፤ ከዙህር እስከ ዐስር ባዶ ነው። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ከተገኘ የማጠናከሪያ ትምህርት ተጀመረ ማለት ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ለዚህ ፈቃድ ከመስጠት በላይ ጠመኔውን ቢገዙ መልካም ነው።

ሌላው ብዙዎች የሚረሱት ነገር ኮምፒውተር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ ቁጥራቸውም ጨምሯል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ፊት ቁጭ ብሎ መልመድ የለበትም። በከተማው ባለ ጽሕፈት ቤት ወይም ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ጥቂት ሰዓት ከፍሎ መለማመድ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ወጪ አይደለም።

ወረቀቱ ላይ የቀረው ቁጥር

ከዚህ በኋላ ያለው የውጭ አገር ዕድል ለሚያስብ ነው። እዚህ ላይ የ9ኛ ክፍል ካርድ ተመልሶ ይመጣል።

ቱርኪዬ ቡርስላሪ የሚባለው የቱርክ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 70 በመቶ ውጤት ይጠይቃል፤ ለሕክምና፣ ለጥርስ ሕክምናና ለፋርማሲ 90 በመቶ። አመልካቹ ከ21 ዓመት በታች መሆን አለበት። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። አማካዩ ሲሰላ ደካማው ዓመት ጎትቶ ያወርደዋል፤ ግን ስሌቱን እንሥራው። 9ኛን በ52፣ 10ኛን በ68፣ 11ኛን በ80፣ 12ኛን በ84 የጨረሰ ተማሪ የአራቱ ዓመት አማካዩ 71 ነው። 9ኛ ክፍል ላይ በ52 የተሰናከለ ልጅ ለሕክምና አይደርስ ይሆናል እንጂ በሩ አልተዘጋበትም።

የመዲናው ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃው ከአምስት ዓመት ያልበለጠ፣ ዕድሜው ከ25 ያላለፈ አመልካች ይቀበላል፤ ዓረብኛ ለማይችሉም የቋንቋ ተቋም አለው። ከመድረሳ ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ ወንድሞች የዕድሜውን ወሰን ከአሁኑ ይቁጠሩት። 12ኛን በ22 ዓመቱ የሚጨርስ ልጅ ለማመልከት የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። የኢስላማዊ ልማት ባንክም አባል ባልሆኑ አገራት ላሉ ሙስሊም ማኅበረሰቦች ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነፃ ትምህርት መርሃ ግብር አለው። ገንዘቡ ለተማሪው እንደ ቀርድ ሐሰን ነው የሚሰጠው፤ ተምሮ ሥራ ሲይዝ የሚመልሰው ለማኅበረሰቡ ቀጣይ ተማሪዎች ይውላል። እንዲህ ያሉትን ስናይ «ነፃ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ከመሮጥ ሁኔታውን አንብቦ መፈረም ይገባል።

የአሜሪካ ኮሌጆች አራቱንም ዓመት ያያሉ። ግን አንድ አማካይ አይተው አይጥሉም፤ ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያያሉ። ከ52 ወደ 84 የወጣ ተማሪ ከ84 ወደ 70 ከወረደው ይልቅ ይመረጥ ይሆናል። በማመልከቻው ውስጥ ውጤትን የነካ ችግር ካለ የሚጻፍበት ቦታ አለ። አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ ሥር ያለው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ ምክሩን በነፃ ይሰጣል፤ ደላላ አያስፈልግም።

ያ ባዶ ቦታ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው። አንዳንዱ አፍሮ ምንም አይጽፍም። አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያደርጋል፤ «ቁጥሩን የሚያስተካክል» ሰው ይፈልጋል። 52ን 82 ማድረግ ለአታላዩ የአንድ ብዕር ሥራ ነው። ይህን ጉዳይ ስናስብ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ ትዝ ይለናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ መትቶት እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸውም ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን አለመሆኑንም ነገሩት።

ነጋዴው አልዋሸም፤ በእርግጥ ዝናብ ነው የመታው። ጥፋቱ ከሥር መደበቁ ነው። የኛ ልጅም እህሉን የመታው ነገር አለ፤ ለቦረናው እንዲያውም ዝናብ ሳይሆን የዝናብ መጥፋት። ከላይ ያድርገው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦ «9ኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት በድርቁ ምክንያት ቤተሰቤ ከብቱን ይዞ ስለተሰደደ ሰባት ሳምንት ከትምህርት ቀርቻለሁ። ትምህርቱም ከአፋን ኦሮሞ ወደ እንግሊዝኛ የተቀየረው በዚያው ዓመት ነው። በክረምቱ የ9ኛ ክፍል ሒሳብን ከመጀመሪያው ደግሜ ሠርቻለሁ። 11ኛ ክፍል በሒሳብ 86 አግኝቻለሁ።» ምክንያት፣ የተወሰደ እርምጃ፣ ውጤት። ልመናም ምሬትም የለበትም። የሆነውን ብቻ ይጻፍ፤ ሰባት ሳምንት ካልቀረ ሰባት ሳምንት አይበል። አንድ መምህር ወይም ርዕሰ መምህር ይህንኑ በራሱ ደብዳቤ ቢያረጋግጥለት ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የቀረበትን ምክንያት በዚያው ዓመት ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያስመዝግብ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያስታውስ መምህር ላይገኝ ይችላል፤ ቆላ አገር መምህር ቶሎ ይዛወራል።

የተፋቀ ትራንስክሪፕት ደግሞ ከሐራምነቱ በተጨማሪ ዕድሜም የለውም። ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት ቤቱ ጽፈው ይጠይቃሉ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ከፈተናዎች አገልግሎት በቀጥታ ይጣራል፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰነድ በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ሦስተኛ ዓመት ደርሶ መባረርም አለ።

ሰነዱ ላይ ያለው ስም

በመጨረሻ፣ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ልጆቻችንን ያሰናከለ ነገር እናንሳ። በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት «መሐመድ»፣ በ12ኛው «ሙሐመድ»፣ በፓስፖርቱ ደግሞ «ማሀመድ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት የተጻፈ ልጅ ለውጭ ተቋም ሦስት ሰው ነው። ዐብዱረሕማን፣ ሐሊማ፣ ኢብራሂም የሚሉት ሁሉ ይኸው ችግር አለባቸው። በቁቤ አጻጻፍና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ መካከል የሚዋልል ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የአያት ስም የቀረበትም አለ።

ይህ የሚስተካከለው 9ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ቢዘገይ የ12ኛ ክፍል ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት። ወላጅ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሬኮርድ ክፍል ይሂድ፤ ስሙ በመዝገብ ላይ እንዴት እንደተጻፈ በዓይኑ ይይ። ብሔራዊ መታወቂያ ፋይዳ ሲወጣም ያንኑ አጻጻፍ ያስይዝ። ከፈተናው በኋላ ለማስቀየር የሚሄድ ሰው ጉዳዩ የሚያልቀው አዲስ አበባ ነው፤ ከነጌሌ ተነስቶ ለአንድ ፊደል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።